ምዕራፍ 5፦ ማታ ማታ የሚመረመር ቁርጥ ፈቃድ

መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ዳር ንስሐን ሲሰብክ የሕዝቡ ልብ ተነካ። ሁሉም አንድ ጥያቄ ይዘው ቀረቡ፦ እንግዲህ ምን እናድርግ? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 የምናገኘው መልስ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። ሁለት ልብስ ያለው አንዱን ለሌለው እንዲሰጥ ነገራቸው። ቀራጮች ሲመጡ ከተወሰነው ቀረጥ በላይ እንዳይሰበስቡ፣ ወታደሮች ሲመጡ ማንንም አስፈራርተው እንዳይዘርፉና በደመወዛቸው እንዲረኩ አዘዛቸው። ማንንም ግን ሥራህን ጥለህ ወደ በረሃ ና አላለም። ቀራጩ ወደ ኬላው፣ ወታደሩም ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ የንስሐው ፍሬ የሚታየው እዚያው በሥራው ላይ ነው።

በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 19 ደግሞ ዘኬዎስ የሚባል የቀራጮች አለቃ አለ። ኢየሱስን በቤቱ በተቀበለበት ዕለት ከእንግዲህ ደግ ሰው ለመሆን በደፈናው አልተመኘም። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ለመስጠት፣ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ። በቃሉ ውስጥ መጠን አለ፤ ተቀባዩ ማን እንደሆነም ተለይቷል። መፈጸም አለመፈጸሙን ራሱ ዘኬዎስም ሆነ ጎረቤቱ በቀላሉ ሊያውቁት ይችላሉ።

ብዙዎቻችን በእንቁጣጣሽ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ ወይም ሱባዔ ጨርሰን ስንወጣ የምንገባው ቃል ከዚህ ይለያል። "ዘንድሮ በጸሎት እበረታለሁ"፣ "ሕይወቴን አስተካክላለሁ"፣ "እውነተኛ ካቶሊክ እሆናለሁ" እንላለን። ምኞቱ ከልብ ነው፤ እግዚአብሔርም አይንቀውም። ሆኖም የመስከረም 1 ቃል ብዙ ጊዜ መስቀል ሳይደርስ ይረሳል። የሚረሳው ፍላጎት ስላነሰን አይደለም። ማታ ተቀምጠን "ዛሬ ፈጽሜዋለሁ ወይስ አልፈጸምኩትም?" ብለን ልንጠይቅበት የማንችል ቃል ስለሆነ ነው። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፦ በእምነት የሚያሳድገን ቁርጥ ፈቃድ ማታ ሊመረመር የሚችል ትንሽ ነገር ነው፤ የሚያጸናውም የእኛ ብርታት ሳይሆን በወደቅን ቁጥር የሚያነሣን ጸጋ ነው።

ቁርጥ ፈቃድና ስእለት

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። በአገራችን ስእለት ከባድ ነገር ነው። የታመመ ልጅ እንዲድን፣ የጠፋ ሰው እንዲገኝ፣ ፈተና እንዲታለፍ ብዙ ሰው ይሳላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግም ስእለትን አያቃልልም። ስእለት አንድ ሰው አስቦና በነጻ ፈቃዱ ለእግዚአብሔር የሚገባው፣ ሊፈጸም የሚችልና የተሻለ በጎ ነገርን የሚመለከት ቃል ነው፤ ግዴታም ያስከትላል። ስለዚህ በስሜት ግለት መካከል፣ አማካሪ ሳይጠይቁ ስእለት መሳል አይመከርም። ሊፈጽመው ያልቻለውን የግል ስእለት ተሸክሞ የሚጨነቅ ሰው ካለም ወደ ቆሞሱ ይሂድ፤ በቂ ምክንያት ሲኖር ቤተ ክርስቲያን ከስእለት የምትፈታበት ሥርዓት አላት።

ቁርጥ ፈቃድ ግን ስእለት አይደለም። በእግዚአብሔር ፊት የምናደርገው የፈቃድ ውሳኔ ነው። ጠዋት መቁጠሪያ እደግማለሁ ብሎ የወሰነ ሰው አንድ ቀን ቢተወው ስእለቱን አፍርሷል አይባልም። ይህን አለማወቅ ብዙ ነፍሳትን ያስጨንቃል። አንዳንዱ ይፈርድብኛል ብሎ ከመወሰን ይሸሻል፤ ሌላው አንድ ቀን ሲያጓድል "ከአሁን ወዲያ ምን ዋጋ አለው" ብሎ ሁሉንም ይተዋል።

ይህ ማለት ግን ቁርጥ ፈቃድ ቢኖርም ባይኖርም የሚያስኬድ ተጨማሪ ነገር ነው ማለት አይደለም። የትሬንቶ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 ስለ ምስጢረ ንስሐ ሲያስተምር፣ እውነተኛ ጸጸት ስለ ተሠራው ኃጢአት ማዘንን፣ ኃጢአቱን መጥላትንና ወደፊት ላለመበደል መወሰንን እንደሚይዝ ገልጿል። እንግዲያው ለኑዛዜ በተንበረከክን ቁጥር ቁርጥ ፈቃድ እናደርጋለን። ካህኑ የሚጠብቀው ዳግመኛ አልወድቅም ብሎ በራሱ የሚተማመን ሰው አይደለም። ዛሬ ከልቡ መውደቅ የማይፈልግና ለዚህ የሚሆን አንድ እርምጃ ለመውሰድ የተዘጋጀ ሰው ነው።

አንድ ወረቀት፣ አንድ ጉድለት

እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና ምሽግ የመድፍ ጥይት እግሩን የሰበረው ኢግናጥዮስ የሚባል የባስክ ተወላጅ፣ ለሕክምና ወደ ሎዮላ ወደ ቤተሰቡ ቤት ተወሰደ። አልጋ ላይ ሳለ የፈረሰኞች ጀብዱ የሚተርክ መጽሐፍ እንዲሰጡት ጠየቀ፤ በቤቱ የተገኙት ግን የክርስቶስን ሕይወትና የቅዱሳንን ታሪክ የሚተርኩ መጻሕፍት ነበሩ። እነሱን እያነበበ የቅዱስ ፍራንቸስኮስንና የቅዱስ ዶሚኒኮስን ገድል ለመፈጸም መመኘት ጀመረ። የመጀመሪያ ውሳኔዎቹ እንደ ወታደርነቱ ታላላቅ ነበሩ። በማንሬሳ በጾምና በሰውነት ቅጣት ራሱን ከመጠን በላይ አደከመ፤ ጤናውንም ጎዳው። በኋላ ለሌሎች ያስተማረው ግን ከዚህ በጣም የተለየና የረጋ መንገድ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ጳውሎስ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1548 ባጸደቁት "መንፈሳዊ ልምምዶች" በተባለው መጽሐፉ፣ አንድን ጉድለት ብቻ ለይቶ የሚከታተል የኅሊና ምርመራ አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት እንደተነሳን የምንጠነቀቅበትን አንድ ጉድለት እናስታውሳለን። ከምሳ በኋላ እግዚአብሔር የወደቅንባቸውን ጊዜያት እንድናስታውስ ጸጋውን እንዲሰጠን እንለምናለን፤ ከዚያም ከጠዋት ጀምሮ ያለውን ጊዜ ሰዓት በሰዓት እንመረምራለን። ለዕለቱ በተሰመረው የመጀመሪያ መስመር ላይ ለእያንዳንዱ ውድቀት አንድ ነጥብ እናደርጋለን፤ እንደገናም እንወስናለን። ከእራት በኋላ በሁለተኛው መስመር ላይ ይህንኑ እንደግማለን። ለሳምንቱ ሰባት ቀን ሰባት ጥንድ መስመር ይሰመራል። በሥዕሉ ላይ መስመሮቹ ከቀን ወደ ቀን እያነሱ ይሄዳሉ፤ ተስፋውም እዚያው ተሥሏል። በውድቀቱ ቅጽበት ደግሞ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይጸጸት ይላል። ይህ በሰው መካከልም ማንም ሳያስተውል ሊደረግ ይችላል።

በእኛ ኑሮ እንየው። አንዲት እናት ሐሜት ያስቸግራታል እንበል። "ከእንግዲህ አላማም" ብላ ብትወስን ውሳኔው ሰፊ ነው። ወረቀቱን ይዛ አንድ ሳምንት ስትከታተል ግን ነጥቦቹ በቀኑ ሁሉ እኩል ተበትነው አታገኛቸውም። ጠዋት ሥራ ላይ እምብዛም የሉም። የሚበዙት ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና ሲጠጣ ነው። እሱም አቦሉ ሲቀዳ ሳይሆን ወሬው ሲሞቅ፣ ከቶና በኋላ፣ እዚያ የሌለች ሴት ስም ሲነሣ ነው። አሁን ውሳኔዋን ልታጠብበው ትችላለች፦ "ቡና ላይ የሌለ ሰው ስም ሲነሣ፣ ስለዚያ ሰው የማውቀውን አንድ መልካም ነገር እናገራለሁ፤ የማውቀው ከሌለ ዝም እላለሁ።" ይህ ማታ ሊመረመር ይችላል። ከቡና አጣጮቿ አያርቃትም። ጉድለትን ከመቀነስ አልፎ በስፍራው በጎ ነገርን ይተክላል።

የነጥቦቹ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ኃጢአትን ለመቁጠርና ራስን ለመክሰስ አይደሉም። በየትኛው ሰዓት፣ በምን ሁኔታ፣ ከማን ጋር ሆነን እንደምንደክም ያሳዩናል። የተናዛዡ ቃል "አማሁ፣ ተቆጣሁ" ከማለት አልፎ ምክንያቱን ሲነካ የንስሐ አባቱም ምክር መድኃኒት ይሆናል።

እንደየኑሯችን

የጄኔቭ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ፍራንሷ ደ ሳል እ.ኤ.አ. በ1609 ያሳተመው "ወደ መንፈሳዊ ሕይወት መግቢያ" የተሰኘ መጽሐፍ በገዳም ሳይሆኑ በዓለም ለሚኖሩ ምእመናን የተጻፈ ነው። ማሰላሰያዎቹ ወደ ቁርጥ ፈቃድ ይመራሉ። ጳጳሱ አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው፣ በጸሎት ጊዜ በልብ የተሰማው ሙቀት በአጠቃላይ ስሜት ላይ እንዳይቀር ነው፤ ወደ ተለየ፣ በተግባር ወደሚፈጸም ውሳኔ መውረድ አለበት። የመስቀሉን ፍቅር ያሰላሰለ ሰው ያስቀየመውን አንድ ጎረቤት ስም ጠርቶ እንዴት እንደሚታረቀው መወሰን ይገባዋል።

ሁለተኛው ትምህርቱ ደግሞ መንፈሳዊነት እንደየሰው ኑሮ ይለያያል የሚል ነው። ጳጳስ እንደ ባሕታዊ ብቻውን ቢዘጋ፣ ባለትዳር እንደ መናኝ ስለ ቤቱ ባያስብ፣ የእጅ ባለሙያ እንደ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቢውል መንፈሳዊነቱ የተዛባ እንደሚሆን ያስረዳል። ኃላፊነቱን የሚያስጥል ጾምና ጸሎት ከእግዚአብሔር አይደለም።

ይህ ትምህርት ዛሬም ብዙ ሰው ያሳርፋል። ሕፃን የምታጠባ እናት የአንድ ሰዓት ጸሎት ወስና በየቀኑ ከምትዘን፣ ልጇን ስታስተኛ አንድ የመቁጠሪያ ምስጢር ብታደርስ ይሻላታል። የታክሲ ሾፌር ቁርጥ ፈቃዱን መሪው ላይ ሊያገኘው ይችላል፦ የሚሰድበውን አለመስደብ፣ ትርፍ አለመጫን፣ የተረሳ ዕቃ መመለስ። በቤሩት ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ደግሞ እሑድ ለቅዳሴ መውጣት ካልተፈቀደላት ግዴታዋን አፍርሳለች ብላ መሳቀቅ የለባትም። በከባድ ምክንያት መገኘት ለማይችሉ ምእመናን ቤተ ክርስቲያን የምትመክረው፣ ለብቻም ሆነ በቤተሰብ ተገቢውን ጊዜ በጸሎት እንዲያሳልፉ ነው። የዕለቱን ወንጌል በስልኳ አንብባ፣ በመንፈስ ከምእመናኑ ጋር ተባብራ አባታችን ሆይ ብትል፣ ለእሷ የሚሆን እውነተኛ ቁርጥ ፈቃድ ነው።

ከየት ልጀምር ለሚል ሰው መሠረቱ የቤተ ክርስቲያን ትእዛዛት ናቸው፦ በእሑድና በታዘዙ በዓላት ቅዳሴ ማስቀደስ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መናዘዝ፣ ቢያንስ በፋሲካ ወቅት መቁረብ፣ የታዘዙትን ጾሞች መጠበቅ፣ ቤተ ክርስቲያንን በሚገባት መርዳት። ከእነዚህ አንዱ የተጓደለበት ሰው ሌላ አዲስ ልማድ ከመፈለግ በፊት እሱን ያስተካክል። ለዓመታት ያልተናዘዘ ሰው ዘጠኝ ቀን ኖቬና ከመጀመር ይልቅ፣ በዚህ ሳምንት ካህን የሚያገኝበትን ቀንና ሰዓት ቢወስን ይበልጣል።

መሠረቱ ላለው ሰው ደግሞ ሰፊውን ምኞት ወደ ጠባብ ውሳኔ የመመለስ ሥራ ይቀራል።

"ቃለ እግዚአብሔር አነባለሁ" የሚለው፦ "ጠዋት ስልኬን ለሌላ ነገር ከመክፈቴ በፊት የዕለቱን ወንጌል አነባለሁ።"

"ለድሃ እራራለሁ" የሚለው፦ "ደመወዝ በተቀበልኩበት ቀን፣ ሌላ ወጪ ከማውጣቴ በፊት፣ ለቁምስናችን የድሆች መርጃ ይህን ያህል ብር እለያለሁ።"

"ከባለቤቴ ጋር በሰላም እኖራለሁ" የሚለው፦ "በተጣላን ማታ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ሳንተኛ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ።"

"በሥራዬ ታማኝ እሆናለሁ" የሚለው፦ "ያልገባሁበትን ሰዓት ገባሁ ብዬ አልፈርምም።"

እያንዳንዱ መቼ እንደሚፈጸም ይታወቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መያዝ ግን አያስፈልግም፤ አንዱ ይበቃል። አንዱ ልማድ ሲሆን ወደሚቀጥለው እንሄዳለን።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምስክርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1800 ጣሊያን ውስጥ በሳን ፌሌ የተወለደው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ በ1839 ወደ አገራችን መጥቶ አድዋ ላይ ሥራውን ሲጀምር፣ ሕይወቱን ለዚህ ሕዝብ ለመስጠት ወሰነ። ውሳኔው የታየው በትላልቅ ንግግሮች አልነበረም። እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሰ፣ የአገሩን ምግብ በላ፣ ቋንቋዎቹን ተማረ፣ የግእዝን ሥርዓተ አምልኮ አክብሮ ያዘ፣ የአገሩን ልጆች ለክህነት አስተማረ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1860 በጉዞ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል በዚሁ ጸና፤ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛም በ1975 ቅድስናውን አወጁ። "ራሴን እሰጣለሁ" የሚለው ታላቅ ቃል በየቀኑ የሚፈጸመው በልብስ፣ በምግብና በሰዋስው ጥናት እንደሆነ የእሱ ሕይወት ያሳያል።

ያው ውሳኔ፣ ከዓመት ዓመት

አንጄሎ ሮንካሊ በቤርጋሞ ዘርአ ክህነት ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1895 በ14 ዓመቱ፣ መንፈሳዊ ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ። በቡልጋሪያ፣ በቱርክ፣ በፓሪስ ሲያገለግል፣ ኋላም ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ ተብሎ ሁለተኛውን የቫቲካን ጉባኤ ሲከፍት ማስታወሻውን አልተወም። "የነፍስ ማስታወሻ" ተብሎ ከሞቱ በኋላ በ1964 ታተመ።

ያን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። ወጣቱ ሮንካሊ የቅዱስ አሎይስዮስ ጎንዛጋን ሕይወት በየዝርዝሩ ለመቅዳት ይታገል ነበር። በ1903 ግን ስህተቱ ታየው፤ ከቅዱሳን መውሰድ ያለበት የምግባራቸውን ፍሬ ነገር እንጂ የኑሯቸውን መልክ አለመሆኑን ተረዳ። እሱ አሎይስዮስ አይደለም፤ በራሱ ጠባይና በራሱ ሁኔታ ነው የሚቀደሰው። ሌላው ደግሞ ከዓመት ዓመት በሱባዔው መጨረሻ የሚጽፋቸው ውሳኔዎች እጅግ መመሳሰላቸው ነው፦ ትሕትና፣ ትዕግሥት፣ ምላስን መጠበቅ። ዓለም ያወቀው ያ የዋህ አባት በወጣትነቱ የጀመረውን በእርጅናውም ይለማመድ ነበር። ስለዚህ እኛም ዘንድሮ የምንወስነው አምና ከወሰንነው ጋር አንድ ቢሆን ከንቱ ደከምኩ ማለት የለብንም። ነፍሳችን የምትሠራበት ዋና ቦታ ተለይቶልናል ማለት ነው።

ፍራንሷ ደ ሳልም ለዚህ ነው የመጽሐፉን አምስተኛ ክፍል ቁርጥ ፈቃድን በየዓመቱ ስለ ማደስ የጻፈው። ሰዓት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በየዕለቱ ካልተሞላ እንደሚቆም፣ በዓመትም አንድ ጊዜ ተፈትቶ መጽዳትና መቀባት እንደሚያስፈልገው ይናገራል። የጥንት ክርስቲያኖች በጌታ የጥምቀት በዓል የጥምቀታቸውን ቃል ኪዳን ያድሱ እንደነበርም ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘናዝያንዙን ምስክር አድርጎ ያስታውሳል። ይህ ምክር ለእኛ የተሰፋ ይመስላል። ጥምቀትን የምናከብረው ጥር 11 ቀን፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ ከአራት ወር በኋላ ነው። የመስከረም ውሳኔ ተረስቶ ወይም ደክሞ የሚገኝበት ወቅት ነው። በጥምቀት ሰሞን ግማሽ ቀን ለብቻ ወስዶ፣ ከተቻለም ኑዛዜ ገብቶ፣ የትኛው ውሳኔ እንደጸና፣ የትኛው መጥበብ እንዳለበት፣ የትኛው ከኑሯችን ጋር እንደማይሄድ መመርመር ታላቅ ጥቅም አለው።

በወደቅን ጊዜ

ኢግናጥዮስ እንዲህ ሲል ያስተምራል፦ ነፍስ በጨለማና በድርቀት ውስጥ ስትሆን፣ በመረጋጋት ጊዜ ያደረግነውን ውሳኔ መለወጥ አይገባም። ጸሎት የሰለቸን ቀን ጸሎትን የምንተውበት ቀን አይደለም። ውሳኔው በእርግጥ ከአቅም በላይ ከሆነ የሚቀነሰው ልብ ሲረጋጋ፣ ከንስሐ አባት ጋር ተመካክሮ ነው። በንዴት የተቀደደ ወረቀት ብዙ ጊዜ መልካሙንም ይዞ ይሄዳል።

ስለ መውደቅ ግን ከሁሉ በላይ የሚያስተምረን ሐዋርያው ጴጥሮስ ነው። ሁሉ ቢክድህ እኔ አልክድህም ሲል የተናገረው ቃል ከልቡ ነበር። ሆኖም ያመነው የራሱን ጽናት ነበርና በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ። ከትንሣኤ በኋላ በባሕሩ ዳር ጌታ ሲያገኘው፣ ዳግመኛ ላለመካድ ዋስትና እንዲሰጥ አልጠየቀውም። ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን አለው፤ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላም ሥራ ሰጠው፤ በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ አለው። ጴጥሮስ በኋላ ሞትን እስከ መቀበል የጸናው የፈቃዱ ብርታት ስለጨመረ ሳይሆን በጸጋ ስለተደገፈ ነው።

ቁርጥ ፈቃድ በካቶሊካዊ ሕይወት የራስን ችሎታ ማሳያ አይደለም። መፈለጉንም ማድረጉንም በውስጣችን የሚሠራ እግዚአብሔር እንደሆነ ሐዋርያው ጳውሎስ ያስተምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ውሳኔ ከሁለት ነገር ጋር ይሂድ፦ ጠዋት ጸጋን ከመለመን፣ ስንወድቅም ሳንዘገይ ወደ ምስጢረ ንስሐ ከመመለስ። በተደጋጋሚ ለአንድ ኃጢአት መናዘዝ የሚያሳፍር አይደለም፤ ከቁስሉ ጋር የሚታገል ሰው መድኃኒቱን ደጋግሞ መውሰድ አለበት።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ከማንበባችን በፊት አንድ ወረቀት እንውሰድ። ለሰባት ቀን ሰባት ጥንድ መስመር እናስምር። ከላይ አንድ ጉድለት ብቻ እንጻፍ፤ ከሥሩ በየትኛው ሰዓትና ቦታ እንደሚያጋጥመን፣ በእሱም ፈንታ ምን በጎ ነገር እንደምናደርግ እናክልበት። ለሚመጣው ኑዛዜ ቀን እንቁረጥ፤ ወረቀቱንም ይዘን እንሂድ። ዛሬ ማታ የመጀመሪያው ምርመራ ይጀመር፤ ነጥቡ አንድም ይሁን አሥር፣ ነገ ጠዋት እግዚአብሔርን ለምነን እንደገና እንጀምራለን።